ስለ ሠራተኛ ደመወዝና ስለ ሥራ አስኪያጅ ሥልጣን

ብዙ ሰዎች ሲናገሩ እንደምንሰማው የሠራተኛ ደመወዝ እንደ እህል ዋጋ ያለ ነገር ነው ይላሉ። እህል በበዛ ጊዜ ዋጋው ይወድቃል፥ ባነሰም ጊዜ ይወደዳል፤ የሰውም ጉልበት እንደዚሁ ፈላጊው ሲበዛ ይወደዳል፥ ፈላጊው ሲያንስ ይረክሳል፤ ስለዚህ ደመወዝን የሚቈርጠው ገበያ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ይህ አነጋገር እውነት የሌለበት አይደለም፤ ነገር ግን የእውነቱ እኩሌታ ብቻ ነው።

ነገሩን ቀረብ ብለን ብንመለከተው ገበያ ለደመወዝ የሚያበጅለት ሁለት ወሰን ነው። ታችኛው ወሰን ከዚያ ቢያንስ ሠራተኛ የማይገኝበት ልክ ነው፤ ላይኛው ወሰን ደግሞ ከዚያ ቢበልጥ ኩባንያው የሚከስርበት ልክ ነው። በነዚህ በሁለቱ ወሰኖች መካከል ግን ሰፊ ሜዳ አለ። በዚህ ሜዳ ላይ የሚያዘው ገበያ አይደለም፤ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው። በአንድ ከተማ፥ በአንድ ዘመን፥ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሠሩ ሁለት ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው የማይተካከል ደመወዝ ሲከፍሉ የሚታየው ስለዚህ ነው። ገበያው አንድ ሲሆን ልዩነቱ ከወዴት መጣ ቢባል፥ የመጣው በላይ ከተቀመጠው ሰው አሳብ ነው።

ዛሬ ይህን ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን፥ ሰውን ለኩባንያ አለቅነት የሚመርጡና የሚሾሙ ሰዎች የሚሾሙት የሒሳብና የዕቃ ጠባቂ ብቻ እየመሰላቸው፥ በዚያው ቀን የብዙ ቤተ ሰብን እንጀራ በአንድ ሰው እጅ እንደሚያኖሩ ሳያስተውሉት እንዳይቀሩ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት፥ የኢትዮጵያ ነው ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል።

በመጀመሪያ ሥራ አስኪያጅ በደመወዝ ላይ የሚያዝባቸው መንገዶች ምንና ምን እንደ ሆኑ መለየት ይገባል። አንደኛው፥ አዲስ የሚገባው ሠራተኛ በስንት እንዲጀምር መወሰኑ ነው። ሁለተኛው፥ ኩባንያው ባተረፈ ጊዜ ከትርፉ ለሠራተኛው ይድረሰው ወይስ አይድረሰው የሚለውን መቍረጡ ነው። ሦስተኛው፥ ኩባንያው በተቸገረ ጊዜ ችግሩ በማን ላይ ይውደቅ ማለቱ ነው፤ በባለ አክሲዮኖች ላይ ነውን? በሹማምንቱ ላይ ነውን? ወይስ በታችኛው ሠራተኛ ላይ? አራተኛው፥ ጥበቃውን፥ ጽዳቱን፥ ጭነቱን የሚሠሩት ሰዎች የኩባንያው ሠራተኞች ይሁኑ ወይስ በደላላና በሥራ ተቋራጭ በኩል ይምጡ ብሎ መምረጡ ነው፤ በተቋራጭ በኩል የመጣው ሰው ያንኑ ሥራ እየሠራ የኩባንያው ጭማሪ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላልና። ከነዚህ ከአራቱ ነገሮች አንዱንም ገበያ ብቻውን አይቈርጠውም። ሁሉም በጽሕፈት ቤት ውስጥ፥ በወረቀት ላይ፥ በሰው እጅ ይፈረማሉ።

ይህ ነገር በቃል ብቻ እንዳይቀር በታሪክ የታወቁ ምሳሌዎችን እናምጣ።

በአሜሪካ፥ በሺካጎ ከተማ አጠገብ፥ ጆርጅ ፑልማን የሚባል ባለጸጋ በምድር ባቡር መንገደኛ ተኝቶ የሚሄድበትን ያማረ ሠረገላ የሚሠራ ኩባንያ ነበረው። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ለሠራተኞቹ በስሙ የሚጠራ ከተማ አሠራ፤ ቤቱ የጡብ፥ መንገዱም የጸዳ ስለ ነበረ ከሩቅ እየመጣ የሚያይና የሚያደንቅ ብዙ ነበር። ነገር ግን የቤቶቹ ሁሉ ባለቤት ኩባንያው ስለ ሆነ፥ ሠራተኛው በአንድ እጁ ከተቀበለው ደመወዝ ከፊሉን በሌላ እጁ በኪራይ ስም ለዚያው ለኩባንያ ይመልስ ነበር።

በ1893 ዓ.ም. በአሜሪካ ታላቅ የንግድ ችግር ሆነና ሠረገላ የሚያዝ ሰው አነሰ። በዚህ ጊዜ ፑልማን ብዙ ሠራተኛ አሰናበተ፤ የቀሩትንም ደመወዝ በአማካይ ከመቶ 25 ያህል ቀነሰባቸው። የቤቱን ኪራይ ግን አልቀነሰም፤ የሹማምንቱንም ደመወዝ አልነካም። በኋላ ነገሩን የመረመረው የመንግሥት ኮሚሲዮን ሒሳቡን ገልጦ አሳይቷል። በጁላይ 1893 ዓ.ም. በተፈጸመው ዓመት ኩባንያው ለደመወዝ 7,200,000 ዶላር ያህል፥ ለባለ አክሲዮኖች ደግሞ 2,520,000 ዶላር ከፍሎ ነበር። በሚከተለው ዓመት የደመወዙ ጠቅላላ ወደ 4,470,000 ዶላር ያህል ሲወርድ የባለ አክሲዮኖቹ ድርሻ ወደ 2,880,000 ዶላር ከፍ አለ። ችግር መጣ በተባለበት ዓመት የአንዱ ወገን ገንዘብ ሲቀንስ የሁለተኛው ወገን ገንዘብ ጨመረ ማለት ነው።

ሠራተኞቹ መልእክተኞች ልከው ለመኑ፤ አልተሰሙም። ከመልእክተኞቹም ሦስቱ ወዲያውኑ ከሥራ ስለ ተባረሩ፥ በሜይ 11 ቀን 1894 ዓ.ም. ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቆመ። የምድር ባቡር ሠራተኞችም ስለ እነርሱ ብለው የፑልማንን ሠረገላ አንጐትትም አሉ፤ ባቡር በብዙ አገር ቆመ፤ የመንግሥት ጦር ወጣ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ፑልማን በ1897 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ የተቈጡ ሰዎች አስከሬኑን እንዳያወጡት ተፈርቶ መቃብሩ በብረትና በሲሚንቶ ተጠናክሮ ተሠራ። በሚከተለው ዓመት የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ከተማውን ይዞ ሊኖር አይገባውም ብሎ ፈረደ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የገበያው ሥራ የቱ ነው? የሥራ አስኪያጁስ ሥራ የቱ ነው? የሠረገላውን ፈላጊ ያሳነሰው ገበያ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም። ነገር ግን ኪራዩ እንዳለ ይቈይ፥ የሹማምንቱ ደመወዝ አይነካ፥ የባለ አክሲዮኖቹ ድርሻ ይጨመር ብሎ ያዘዘ ገበያ አይደለም። ይህን ያዘዘው በላይ የነበረው ሰው ነው።

ከዚህ ነገር 20 ዓመት በኋላ በዚያው በአሜሪካ፥ ዲትሮይት በሚባለው ከተማ፥ ሌላ አለቃ ሌላ መንገድ መረጠ። ይኸውም የኦቶሞቢል ሠሪው ሄንሪ ፎርድ ነው። ፎርድ በፋብሪካው ውስጥ ሥራው በተራ እየሄደ ወደ ሠራተኛው እንዲመጣ ካደረገ በኋላ መኪና የመሥራቱ ፍጥነት እጅግ ጨመረ፤ ነገር ግን ሥራው አሰልቺ ስለ ሆነ ሰው አልረጋለትም። በ1913 ዓ.ም. 14,000 ያህል ሠራተኛ በሥራ ላይ ለማቈየት በዓመቱ ውስጥ ወደ 52,000 የሚጠጋ ሰው መቅጠር ግድ ሆነበት። ዛሬ ሥራ የተማረው ነገ ይሄዳል፤ በእርሱ ፋንታ የሚገባው ደግሞ እንደገና ከመጀመሪያው ይማራል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ነበር።

በጃንዩዌሪ 5 ቀን 1914 ዓ.ም. ፎርድና የሥራ ባልንጀራው ጄምስ ካዝንስ አዲስ ነገር አስታወቁ። በቀን 9 ሰዓት እየሠራ 2 ዶላር ከ34 ሣንቲም ያህል ይቀበል የነበረው ሠራተኛ፥ ከእንግዲህ 8 ሰዓት እየሠራ 5 ዶላር ሊያገኝ ይችላል ተባለ። በዚያ ጊዜ በዲትሮይት የጉልበት ገበያ ይህን አላዘዘም፤ ሥራ ፈላጊው እንዲያውም ብዙ ነበር፤ በሚከተሉትም ቀኖች በፋብሪካው በር በብርድ ተሰብስቦ የነበረው ሰው በውኃ እስኪበተን ድረስ በዛ። ስለዚህ ገበያው ደመወዝ ጨምር ሳይለው የጨመረ አለቃ ነበር ማለት ነው። ፍሬውም ቶሎ ታየ። በ1913 ዓ.ም. በመቶ 370 የነበረው የሠራተኛ መለዋወጥ በ1914 ዓ.ም. ወደ 54፥ በ1915 ዓ.ም. ወደ 16 ወረደ። ፎርድም ራሱ በኋላ ሲናገር ደመወዝ መጨመሩ ወጪ ከቀነሰባቸው መንገዶች ሁሉ ከተሻሉት አንዱ እንደ ነበረ ገልጧል።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ እስከ እኩሌታው ብቻ ተናግሮ ፎርድን ማመስገን ልማድ ስለ ሆነ፥ የቀረውን እኩሌታ መናገር ይገባል። 5 ዶላሩ ከሙሉ ደመወዝ የተቈጠረ አልነበረም፤ ከፊሉ የትርፍ ድርሻ ተብሎ የሚሰጥ ስለ ሆነ ኩባንያው ሊከለክለው ይችል ነበር። ድርሻውን ለመቀበል ሠራተኛው ስድስት ወር ያገለገለ መሆን ነበረበት፤ ከዚህም በላይ የኩባንያው መርማሪዎች ወደ ቤቱ እየሄዱ ቤቱ የጸዳ እንደ ሆነ፥ ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ፥ እንደማይሰክር፥ ከሚስቱ ጋር በሰላም እንደሚኖር ይጠይቁ ነበር። ይህን የምርመራ ክፍል ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የመራው ሳሙኤል ማርኲስ የሚባል የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነው። ቄሱ ሥራውን የተቀበለው ለድኻው ይጠቅማል ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የአለቃው አሳብ እየተለወጠ መሄዱን ባየ ጊዜ በ1921 ዓ.ም. ትቶት ወጣ። የነፍስ አባትነትና የደመወዝ ከፋይነት በአንድ ቤት ሲገናኙ የቱን ያህል እንደሚያስቸግሩ ከዚህ ሰው ታሪክ መማር ይቻላል፤ የንስሐ አባት የሚጠይቀውን ቀጣሪ በጠየቀ ጊዜ፥ የሚመልሰው ሰው የሚመልሰው ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ እንጀራው ነውና።

ደግሞም ባለ አክሲዮኖች ዝም አላሉም። ከኩባንያው ድርሻ የነበራቸው ዶጅ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች፥ ፎርድ ትርፉን ለእኛ ከማካፈል ይልቅ ፋብሪካ ለማስፋትና የመኪና ዋጋ ለመቀነስ ያውለዋል ብለው ከሰሱት። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1919 ዓ.ም. የንግድ ኩባንያ የሚቋቋመው ከሁሉ አስቀድሞ ለባለ አክሲዮኖቹ ትርፍ ነው በማለት ከ19 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍላቸው ፈረደ። ይህ ፍርድ ሥራ አስኪያጅ ብቻውን የቆመ እንዳይደለ ያሳያል፤ ከበላዩ ደግሞ ሒሳብ የሚጠይቁት ባለ ገንዘቦች አሉ። ለሠራተኛው ሒሳብ የሚጠይቅ ግን በዚያ ሸንጎ አልነበረም።

የታሪኩ መጨረሻ ከሁሉ የበለጠ ያስተምራል። ፎርድ በ1929 ዓ.ም. መጨረሻ የቀኑን ደመወዝ ወደ 7 ዶላር ከፍ አድርጎ ነበር፤ ታላቁ የንግድ ውድቀት በመጣ ጊዜ ግን ወደ 6፥ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 4 ዶላር አወረደው። በማርች 7 ቀን 1932 ዓ.ም. ሥራ ያጡ ሰዎች ተሰብስበው ወደ ፋብሪካው ቢሄዱ ፖሊስና የኩባንያው ዘበኞች ተኵሰው ሰዎች ሞቱ። ፎርድ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ውል የፈረመው ሌሎች ታላላቅ የኦቶሞቢል ኩባንያዎች ከፈረሙ ከዓመታት በኋላ፥ በ1941 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በ1914 ዓ.ም. የሰጠው እጅና በ1932 ዓ.ም. የነሣው እጅ አንድ እጅ ነበረ። በአንድ ሰው ፈቃድ የመጣ ነገር በዚያው ሰው ፈቃድ ይሄዳል።

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ ዘመን የቀረበ ነው። በዲሴምበር 11 ቀን 1995 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ አገር የሚገኝ ሞልደን ሚልስ የሚባል የጨርቅ ፋብሪካ በእሳት ተቃጠለ። ሠራተኞቹ 3,000 ያህል ነበሩ። ባለቤቱና አለቃው አሮን ፎየርስታይን በዚያን ጊዜ የ70 ዓመት ሽማግሌ ስለ ነበረ፥ የመድኅን ገንዘቡን ተቀብሎ ማረፍ ወይም ፋብሪካውን የሰው ጉልበት ወደ ረከሰበት አገር ማዛወር ይችል ነበር። እርሱ ግን በዚያው ስፍራ እንደገና እሠራዋለሁ አለ፤ እስኪሠራም ድረስ ሥራ ለፈቱት ሠራተኞች ደመወዛቸውን ለወራት ከፈለ። ሕዝቡ ሁሉ አመሰገነው። ነገር ግን እንደገና ለመሥራት የወጣው ገንዘብ ከመድኅኑ ስለ በለጠ ዕዳ ከበደው፤ በኖቬምበር 2001 ዓ.ም. ኩባንያው ዕዳዬን መክፈል አልቻልሁም ብሎ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በኋላም ፋብሪካው ከፎየርስታይን እጅ ወጣ።

ይህን የሚያነብ ሰው፥ እንግዲያስ ደግነት ኩባንያን ያጠፋል ብሎ እንዳይቸኩል። ፋብሪካውን ያስጨነቀው ለሠራተኛው የከፈለው የጥቂት ወራት ደመወዝ ሳይሆን ከሁሉ በላይ ለሕንጻውና ለመኪናው የተበደረው ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ደግ ልብ ብቻውን እንደማይበቃ፥ ከሒሳብ ጥንቃቄ ጋር መሄድ እንዳለበት ይህ ታሪክ ያስረዳል።

አሁን ከነዚህ ከሦስቱ ሰዎች ታሪክ ወደ ሰፊው ምርምር እንለፍ፤ ሦስት ምሳሌ ሕግ አይሆንምና። በ2022 ዓ.ም. ሦስት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፥ እነርሱም በ2024 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ የሆኑት ዳሮን አሴሞግሉ፥ ከእርሳቸውም ጋር አሌክስ ሂና ዳንየል ለ ሜር፥ በአሜሪካና በዴንማርክ ያሉ ኩባንያዎችን መዝገብ መርምረው አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ጥያቄውም፥ የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤት የተማረ ሥራ አስኪያጅ ሲሾም የሠራተኛው ደመወዝ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

ያገኙት መልስ ይህ ነው። እንደዚህ ያለ አለቃ ከተሾመ በኋላ በአምስት ዓመት ውስጥ የሠራተኛው ደመወዝ፥ ሌላ ዓይነት አለቃ ካላቸው ከሚመስሉት ኩባንያዎች ጋር ሲመዛዘን፥ በአሜሪካ በመቶ 6፥ በዴንማርክ በመቶ 3 ቀነሰ። ኩባንያው ከሚያገኘው ገቢ ለሠራተኛው የሚደርሰውም ድርሻ በአሜሪካ ከመቶው 5 እጅ፥ በዴንማርክ 3 እጅ ወረደ። ምናልባት ደመወዝ የቀነሰው ኩባንያው በሌላ መንገድ ስላደገ ይሆን? ብለው ቢመረምሩ፥ የሚሠራው ዕቃም ሆነ ለማስፋፊያ የሚወጣው ገንዘብ ወይም የሠራተኛው ቍጥር ከሌሎቹ ይልቅ አልጨመረም። ደግሞም ወደ ውጭ አገር የሚሸጠው ዕቃ ፈላጊ በበዛና ትርፍ በመጣ ጊዜ ሌሎቹ አለቆች ከትርፉ ለሠራተኛው ሲያካፍሉ፥ በንግድ አስተዳደር ትምህርት ያደጉት ግን አላካፈሉም፤ ሽያጩንና ትርፉንም ከሌሎቹ አብልጠው አላሳደጉትም። እንግዲህ እንጀራው አልሰፋም፤ የተለወጠው አቈራረሱ ነው።

ምናልባት ሊቃውንቱ ክፉ ልብ ያላቸው ሰዎች ወደዚያ ትምህርት ስለሚሄዱ ነው እንዳይባል፥ ይህንንም መርምረዋል። ያገኙትም ነገሩ የሰዎቹ ተፈጥሮ ሳይሆን በትምህርቱ ውስጥ የተቀበሉት ልማድና አሳብ መሆኑን ነው። ይህ ነገር በልጅነቱ ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ለተማረ ሰው አዲስ አይደለም። ትምህርት ዕውቀትን ብቻ አይሰጥም፤ ምን እንደሚከበርና ምን እንደሚናቅ፥ ማን ቅድሚያ እንዲያገኝና ማን እንዲቈይ በተማሪው ልብ ያኖራል። ደመወዝ ወጪ ብቻ ነው፥ ወጪም ሁሉ መቀነስ አለበት ብሎ የተማረ ሰው፥ አለቃ በሆነ ጊዜ የተማረውን ይፈጽማል። ጭካኔው ከእርሱ ሳይሆን ከመጽሐፉ ነው።

ከዚህ ጋር የሚመዛዘን ሌላ ምርምር ደግሞ አለ፤ በአንድ ወገን ብቻ እንዳንፈርድ እርሱንም መናገር ይገባናል። ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የሚባሉ ሊቃውንት በ2003 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ በአሜሪካ አንዳንድ አውራጃዎች ኩባንያ በሌላ ገዢ በግድ እንዳይወሰድ የሚከለክል ሕግ በወጣ ጊዜ የሆነውን መረመሩ። ሥራ አስኪያጆቹ ከሥልጣናቸው የሚያወርዳቸው እንደሌለ ባወቁ ጊዜ የሠራተኞቹን፥ ይልቁንም የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኞች ደመወዝ ጨመሩ፤ ነገር ግን አሮጌውን ፋብሪካ መዝጋትም አዲሱን መክፈትም ተዉ፤ የሥራው ፍሬና ትርፉም አነሰ። እንግዲህ ደመወዝ መጨመር ሁሉ ከፍትሕ የሚመጣ አይደለም፤ አንዳንዱ ከሥንፍና ይመጣል። ከጭቅጭቅ ለማረፍ ሲል የማይገባውን የሚጨምር አለቃ፥ ነገ ኩባንያው ሲደክም ያንኑ ሠራተኛ በየመንገዱ ይበትነዋል።

የአለቃው የራሱ ደመወዝስ? ይህም ከነገሩ ውጭ አይደለም። በብዙ አገር የታላላቅ ኩባንያዎች አለቆች ክፍያ ከአክሲዮን ዋጋ ጋር የታሰረ ነው፤ የአክሲዮኑ ዋጋ ከፍ ሲል የአለቃው ሀብት ይጨምራል። ትርፍ በዚህ ዓመት በዝቶ እንዲታይ የሚቀርበው መንገድ ደግሞ ወጪ መቀነስ ነው፤ ከወጪም ሁሉ ለመቀነስ የሚቀለው የማይናገረው ሰው ደመወዝ ነው። በአሜሪካ በ2010 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች የአለቃው ክፍያ ከመካከለኛው ሠራተኛ ክፍያ ስንት እጅ እንደሚበልጥ ለሕዝብ እንዲገልጡ ግድ ሆኗል። ሕጉ ቀንሱ አላለም፤ ግለጡ ብቻ አለ። ነገር ግን የተሰወረ ነገር ወደ ብርሃን ሲወጣ ማሳፈሩ አይቀርም።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ወደ ሐዋሳ ይመልከት። የሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ በኋላ የልብስ ስፌት ኩባንያዎች ከውጭ አገር ገብተው በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ፥ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ቀጠሩ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2019 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ እንደ ገለጡት፥ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ደመወዝ በወር ወደ 26 ዶላር የሚመዛዘን ሲሆን ልብስ ሰፍተው ለዓለም ከሚሸጡ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኛቸውን ሁሉ የለወጡ ያህል ሰው ይለቅባቸው ነበር። ይህች ከገጠር የመጣች ልጅ የቤት ኪራይና ምግብ ከፍላ የሚተርፋት ስለሌለ ወደ እናትዋ ቤት ትመለሳለች፤ ፋብሪካውም ያስተማራትን ያጣል፤ በእርስዋም ፋንታ ሌላዋን ከመጀመሪያው ያስተምራል። ፎርድ በ1913 ዓ.ም. በዲትሮይት ያየው በሽታ ከመቶ ዓመት በኋላ በሐዋሳ ታየ ማለት ነው። ጉልበት ርካሽ ነው ብሎ የመጣ ኩባንያ፥ ርካሹ ጉልበት ሰው በማይረጋበት ጊዜ ውድ እንደሚሆን በሒሳብ መዝገቡ ላይ አገኘው።

በእርግጥ የልብሱን ዋጋ የሚቈርጡት በሩቅ ያሉ ታላላቅ ነጋዴዎች ስለ ሆኑ የፋብሪካው አለቃ ሜዳ እንደ ፎርድ ሜዳ ሰፊ አይደለም። ይህን ማመን ይገባል። ነገር ግን ጠባብ ሜዳ ማለት ሜዳ የለም ማለት አይደለም። የመኝታ ቤትና የመጓጓዣ ነገር፥ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፥ ለቈየ ሠራተኛ የሚሰጥ ጭማሪ፥ በሥራ የበረታችውን ወደ ኃላፊነት ማውጣት፥ ይህ ሁሉ በአለቃው እጅ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ምንድር ነው?

ሥልጣን ላላቸው ሰዎች የሚሆነው ትምህርት፥ አለቃ በሚሾሙበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በነበረበት ስፍራ ትርፍ በመጣ ጊዜ እንዴት እንዳካፈለ፥ ችግርም በመጣ ጊዜ ከማን እንደ ጀመረ መጠየቅ ነው። ችግር ሲመጣ ከራሱ ደመወዝ የጀመረ አለቃ ቢገኝ፥ ሠራተኛው የራሱን ቅናሽ በትዕግሥት ይቀበላል፤ ከታች የጀመረ እንደ ሆነ ግን እንደ ፑልማን ከተማ ይሆናል። ዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው እንደሚባለው፥ የኩባንያም ጤንነት የሚመረመረው ከራሱ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት፥ የሠራተኛው እንጀራ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። ደግ አለቃ ይሞታል፥ ይለወጣል፥ ወይም አሳቡ ይለወጣል። ስለዚህ ወለሉን ሕግ ሊያበጅለት፥ ከወለሉም በላይ ያለውን ሠራተኛና ቀጣሪ ተነጋግረው በጽሑፍ ሊያጸኑት ይገባል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156 የመንግሥት፥ የሠራተኛ ማኅበራትና የሌሎችም ወገኖች እንደራሴዎች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ቦርዱም ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው በጥናት እያየ እንዲወስን ነው። በዐዋጅ የተጻፈ ነገር ግን ለሠራተኛው የሚጠቅመው በደመወዝ መቀበያው ቀን በእጁ ሲገኝ ነው።

ሦስተኛው ትምህርት ለመምህራንና ለካህናት ነው። በወንጌል የተነገረውን የወይኑን ቦታ ባለቤት ምሳሌ ለሕዝብ ስናስተምር የምናየው፥ ባለቤቱ በማለዳ ከገቡት ጋር አንድ ዲናር ተዋውሎ ውሉን እንዳላጓደለባቸው፥ በመጨረሻው ሰዓት ለገቡት ደግሞ ከራሱ ቸርነት እንደ ጨመረላቸው ነው። ፍትሕ በውሉ ነው፥ ቸርነቱ በጭማሪው ነው። ቸርነት ከውል በላይ ሊሆን ይችላል፤ በውል ፋንታ ግን ሊሆን አይችልም። ባለጸጎች በምጽዋት ቀን የሚሰጡትን ሲያዩ የሚያመሰግኑ አባቶች፥ በደመወዝ ቀን የከፈሉትንም ደግሞ ቢጠይቁአቸው መልካም ነው፤ ለሠራተኛ የሚገባውን አጕድሎ ለድኻ መስጠት ከድኻው ኪስ ወስዶ ለድኻው መመለስ ነውና።

በመጨረሻ ለኩባንያ አለቆች የምንለው ጥቂት ነው። ደመወዝ በተጻፈበት ወረቀት ግርጌ የሚታየው ፊርማ የገበያ ፊርማ አይደለም፤ ስም ያለው ሰው ፊርማ ነው። ገበያው የሚፈቅደውና የማይፈቅደው አለ፤ በሚፈቅደው ውስጥ ግን የሚመርጠው ፈራሚው ነው። እንግዲህ የሚፈርም ሁሉ ከመፈረሙ በፊት፥ ከዚህ ቍጥር በታች ስንት ሰው እራት እንደሚበላ ይቍጠር።